አስተዳደር ክፍል ገብተህ ምን ፈረምክ?

ጥያቄ፦ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ አስመጪ ድርጅት መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ወር ሁለት ቴሌቪዥን በጋሪ ስወስድ ጋሪው አዘንብሎ ወደቁና ስክሪናቸው ተሰነጠቀ። የጋሪው ጎማ ድሮም ችግር ነበረበት። አስተዳደር ክፍል ጠርተው አነጋገሩኝ። ከዚያ ከ12,000 ብር ደሞዜ ላይ 6,000 ተቆርጦ ደረሰኝ። ቀሪው ዕዳ በየወሩ ይቆረጣል ተብያለሁ። ሆን ብዬ ያደረግሁት አይደለም። የመክፈል ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ «ጠርተው አነጋገሩኝ» የሚለው ላይ ቆምኩ። ከሱ በኋላ ቀጥታ ወደ ደሞዝህ ዘለልክ። መሃል ላይ ምን ሆነ? ፋይናንስ ክፍል ያለ ወረቀት የሰው ደሞዝ በግማሽ አይቆርጥም። ፈርመሃል ብዬ እጠረጥራለሁ። ካልፈረምክ ይቅርታ፣ ጉዳይህም ቀላል ነው። ፈርመህ ከሆነ ግን ለእኔ መጻፍ ነበረብህ። አንተ የደበቅከኝን ወረቀት የድርጅቱ ጠበቃ ዳኛው ፊት ይዞት ይመጣል።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርህ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 አሠሪ በራሱ ፈቃድ ብቻ ደሞዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪው የተስማሙበት ውል)፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት መኖር አለበት። ከነዚህ አንዱ ቢኖርም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዝ ሲሶ መብለጥ አይችልም። ያንተ ሲሶ 4,000 ብር ነው። ስለዚህ ፈረምክም አልፈረምክም 6,000 መቁረጣቸው ስህተት ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ቢሮዬ የሚመጣው ሠራተኛ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይሄ ነው። «የሆነውን ጻፍ፣ ለፋይል ነው» ይባላል። ወይ ተዘጋጅቶ የተተየበ ወረቀት ይቀርባል። ከላይ የአደጋው ታሪክ አለ። ታች፣ ሰው ማንበብ በሚሰለችበት ቦታ፣ «በቸልተኝነቴ ለደረሰው ጉዳት ከደሞዜ እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ» ይላል። ሠራተኛው ሥራዬን ላድን ብሎ ይፈርማል። በዚያች አንዲት መስመር ግን ሁለት ነገር አስረከበ። አንደኛ፣ አንቀጽ 59 የሚጠይቀውን የጽሑፍ ስምምነት ሰጠ። ሁለተኛ፣ ጥፋቱን አመነ። ይሄኛው ይብሳል። አንቀጽ 27 የድርጅቱን ንብረት ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የጎዳን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይፈቅዳል። እርግጥ ተራ ቸልተኝነትና ከባድ ቸልተኝነት አንድ አይደሉም። ቢሆንም «ራሱ አምኗል» የሚል ወረቀት ይዞ የሚከራከር አሠሪ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ላለመባረር የፈረምከው ወረቀት ማባረሪያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አሠሪው በዚህ አንቀጽ የሚጠቀመው ምክንያቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። አደጋው ባለፈው ወር ስለሆነ ጊዜው ገና ላያልፍ ይችላል። በዚህ መሃል ሌላ ወረቀት እንዳትፈርም። ቃል ስጥ ካሉህ ስለ ጥፋት ሳይሆን ስለሆነው ነገር ብቻ በራስህ እጅ ጻፍ፣ ኮፒውንም አስቀር።

«ካልፈረምክ ነገ እንዳትመጣ ብለውኝ ነው» ትለኝ ይሆናል። ተገዶ የተሰጠ ፈቃድ ሊፈርስ ይችላል። ግን በር ተዘግቶ የተባለን ነገር ማስረዳት ከባድ ነው። ማን አብሮህ ነበር?

ስለ ጎማው ደግሞ በግማሽ መስመር አለፍከው! ጎማው መበላሸቱን ለማን ተናገርክ? መቼ? በቴሌግራም ለኃላፊህ የላክኸው መልእክት ካለ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሣው። ነግረህ ዝም ካሉህ ጥፋቱ ወደ እነሱ ያዘነብላል። እያወቅክ ለማንም ሳትናገር ሁለት ቴሌቪዥን ጭነህበት ከሆነ ግን ይሄው ጎማ አንተኑ ይጎዳሃል። ስለዚህ ጠበቃ ሳታማክር ይህን ነጥብ በጽሑፍ እንዳታነሣው።

የገንዘቡንም ልክ ጠይቅ። ያስከፈሉህ በመሸጫ ዋጋ ነው ወይስ በገባበት? እቃው ኢንሹራንስ ነበረው? የተሰነጠቁት ቴሌቪዥኖችስ የት ናቸው? ለመለዋወጫ ተሸጠው ሊሆን ይችላል።

«መክፈል አለብኝ?» ላልከው፣ ሰነድ ሳላይ አዎ ወይም አይ አልልህም። ድርጅቱ ከሶህ ጥፋትህንና የኪሳራውን ልክ ካስረዳ ፍርድ ቤት ሊያስከፍልህ ይችላል። የሥራ ውልህን፣ የድርጅቱን የሥራ ደንብ፣ የኅብረት ስምምነት ካለ እሱን፣ 6,000ው ከመቆረጡ በፊት የነበረውንና የተቆረጠበትን ወር የደሞዝ ወረቀትና የፈረምከውን ኮፒ ሰብስብ። ኮፒ ካልሰጡህ በደብዳቤ ጠይቅና የተቀበሉበትን አስፈርም። ከዚያ ይዘኸው ወደ ጠበቃ ሂድ፣ የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁም ወደዚያ። ብዙ አትቆይ። ያልተከፈለ ደሞዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይደረጋል፤ ያንተም መቆጠር የጀመረው 6,000ው ከተቆረጠበት ደሞዝ ቀን ነው።