ዲሲ አካባቢ እየኖሩ ሪጅናል መምረጥ፦ ለወንድማችን ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ገልፍ ብዙ አመት ፓይለት ሆነህ ስትበር ቆይተሃል፣ ግሪን ካርዱ ወጥቶ ባለቤትህና ልጆቹ አሌክሳንድሪያ ገብተዋል፣ "የበረራ ሰዓት ሞልቶኛል፣ ከዚህ በኋላ የምፈልገው ቤቴ ማደር ነው፣ ከሪጅናሎቹ የትኛው ይሻለኛል" ነው ያልከው። ከላይ የመለሱልህ ልጆች አብዛኞቹ ስለ ደመወዝና ስለ ቦነስ ነው የጻፉት፣ እሱም ክፉ አይደለም ግን አንተ የጠየቅከው ሌላ ነው። እኔ እዚሁ ሪጅናል ላይ ነው የኖርኩት፣ መጀመሪያ ቤዜ፣ ማለትም በረራዬ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ኤርፖርት፣ ኒውዮርክ ሆኖ ከሜሪላንድ እየተመላለስኩ፣ አሁን ደግሞ በመኪናዬ እየሄድኩ ነው የምሰራው፣ ሁለቱንም ኑሮ ስላየሁት የማውቀውን ልጻፍልህ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በል፣ እዚህ አገር ሪጅናል ማለት ባብዛኛው የራሱን ትኬት የማይሸጥ፣ መስመሩንም ራሱ የማይመርጥ ካምፓኒ ነው። አውሮፕላኑ ላይ አሜሪካን ኢግል ወይ ዴልታ ኮኔክሽን ወይ ዩናይትድ ኤክስፕረስ ተብሎ ይጻፋል፣ ወዴት ይበረር የሚለውን የሚወስነው ትልቁ አየር መንገድ ነው፣ ሪጅናሉ በኮንትራት አውሮፕላንና ፓይለት ያቀርባል። ስለዚህ ቤዝ የሚከፈተውም የሚዘጋውም ትልቁ ካምፓኒ እዛ ኤርፖርት ላይ ባለው ፍላጎት ልክ ነው። ቤቱ ማደር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ቤቱ አጠገብ ያለውን ኤርፖርት ነው፣ እዛ ማን ጠንክሮ ተቀምጧል፣ የሱን አጭር በረራ ማን ይበርለታል፣ ከዛ በኋላ ነው የካምፓኒ ስም የሚመጣው።

ይሄን አጥብቄ የምነግርህ ያለ ምክንያት አይደለም። ሲንሲናቲን ተመልከት፣ የዴልታ ትልቅ ሃብ (በረራዎቹ የሚገናኙበት ማእከል) ነበር፣ ኮምኤር የሚባለው ሪጅናል እዛው ተወልዶ እዛው ያደገ ነው፣ ዴልታ በረራውን እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ኮምኤር ሴፕቴምበር 2012 ላይ ተዘጋ። ሜምፊስ በ2013 ሃብነቱ ቀረ፣ ክሊቭላንድን ዩናይትድ በ2014 ለቀቀው፣ ፒትስበርግም ከዛ በፊት በዩኤስ ኤርዌይስ ጊዜ እንደዛው። 2020 ላይ ደግሞ ትራንስ ስቴትስ፣ ኮምፓስና ኤክስፕረስጄት በአንድ አመት ውስጥ ስራ አቆሙ። እነዚህ ሁሉ ከተሞች ውስጥ "ቤዜ ቤቴ ነው" ብሎ ቤት የገዛ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያስገባ ፓይለት ነበረ፣ ካምፓኒው ሲዘጋ ሲኒየሪቲው (በቅጥር ቀን የሚወጣው ተራ ቁጥሩ) ዜሮ ሆኖ ሌላ ቦታ ከታች ጀመረ።

ያንተ ዕድል ጥሩ ነው፣ የምሬን ነው። አሌክሳንድሪያ ያለ ሰው ሬገን ናሽናል ኤርፖርት አፍንጫው ስር ነው። ናሽናል ላይ የመነሻና የማረፊያ ሰዓት በኮታ ነው የሚሰጠው፣ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው አሜሪካን ኤርላይንስ ነው፣ ያን ድርሻ ደግሞ ማንም ዝም ብሎ አይጥልም። በዛ ላይ ከጥቂት በልዩ ፈቃድ ከሚበሩ መስመሮች በስተቀር ከ1,250 ማይል በላይ ቀጥታ በረራ አይፈቀድም፣ ስለዚህ ከናሽናል የሚነሳው ብዙው አጭር መስመር ነው፣ አጭር መስመር ማለት ደግሞ የኛ የትንንሽ ጄቶች እንጀራ ማለት ነው። ለአሜሪካን እዛ የሚበሩት በዋናነት ፒኤስኤ እና ሪፐብሊክ ናቸው፣ ሁለቱም ናሽናል ላይ የፓይለት ቤዝ አላቸው፣ ፒኤስኤ የሚበረው ሲአርጄ የሚባለውን ትንሽ ጄት ነው፣ ሪፐብሊክ ኢምብራየር 170 እና 175። ሌላው የዲሲ ኤርፖርት ደለስ የዩናይትድ ሃብ ነው፣ ግን የዩናይትድ ኤክስፕረስ ኮንትራት ከአንዱ ሪጅናል ወደ ሌላው ሲዘዋወር ብዙ ጊዜ አይተናል፣ ከአሌክሳንድሪያ ደግሞ በጠዋቱ ትራፊክ ደለስ መድረስ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ቢደብሊውአይ (የባልቲሞር ኤርፖርት) የሳውዝዌስት ግዛት ነው፣ ለሪጅናል ፓይለት እዛ ተስፋ አታድርግ። ዋና መስሪያ ቤት የት ነው የሚለውም አያታልህ፣ ፒድሞንት መስሪያ ቤቱ ሳልስበሪ ሜሪላንድ ነው ግን ትልልቆቹ ቤዞቹ ፊላደልፊያና ሻርለት ናቸው፣ ስካይዌስት ሴንት ጆርጅ የምትባል የዩታ ትንሽ ከተማ ቁጭ ብሎ ፓይለቶቹ ያሉት ዴንቨር፣ ቺካጎ፣ ሚኒያፖሊስ ምናምን ነው።

እሺ ቤዙ አለ፣ አንተ ግን ትይዘዋለህ ወይ? እዚህ ጋ ነው ከውጭ ለመጣ ሰው የሚከብደው። ስምንት ሺህ ሰዓት ኖረህ አስራ ሁለት ሺህ፣ የዋይድ ቦዲ (የትልልቆቹ አውሮፕላኖች) ካፒቴን ነበርክ አልነበርክ፣ የገባህ ቀን የሲኒየሪቲ ሊስቱ መጨረሻ ላይ ነህ። ቤዝ፣ ዕረፍት፣ ላይን (የወሩ የበረራ ፕሮግራም)፣ በአል፣ ሁሉም በሱ ቁጥር ነው። ባንድ ክላስ (ባንድ የስልጠና ዙር) ከገቡት መሀል ግን አንዳንድ ካምፓኒ ቁጥሩን በእድሜ ነው የሚያድለው፣ ትልቁ ይቀድማል፣ እድሜህ እዚህ ይጠቅምሃል። ስለዚህ ሁለት ካምፓኒ ከጠራህና ሌላው ሁሉ ከተቀራረበ፣ ቀድሞ ክላስ የሰጠህን ያዝ፣ አንድ ወር ዘግይተህ ስትገባ ካንተ በፊት የሚሰለፈውን ሰው አስበው፣ ያ ሰው እስክትወጣ ድረስ ይቀድምሃል።

ሌላው፣ ካፒቴንነት። ብዙ ከውጭ የሚመጡ ወንድሞቻችን "እዚህ ቶሎ ካፒቴን አደርጋለሁ" ብለው ነው የሚያስቡት። በኤፍኤኤ (በአሜሪካ የአቪዬሽን ባለስልጣን) ደንብ ፓርት 121፣ አየር መንገዶች የሚገዙበት ክፍል፣ ላይ ካፒቴን ለመሆን እዛው ፓርት 121 ውስጥ እንደ ፈርስት ኦፊሰር የተበረረ 1,000 ሰዓት ያስፈልጋል፣ ወይም ሕጉ የሚቆጥራቸው አንዳንድ የፓርት 135 (የቻርተርና የትንንሽ በረራዎች ክፍል) እና መሰል የካፒቴን ሰዓቶች። የገልፍ ሰዓትህ ለኤቲፒው (ለአየር መንገድ ፓይለት ፈቃዱ) 1,500 ሰዓት ይቆጠርልሃል፣ ለዚህኛው 1,000 ግን አይቆጠርልህም። ስለዚህ በቀኝ ወንበር መቆየትህ አይቀርም። እሱ ራሱ ላንተ መጥፎ አይደለም፣ ለምን መሰለህ፣ ናሽናል ላይ ፈርስት ኦፊሰር ሆኖ ቤዝ መያዝና ካፒቴን ሆኖ መያዝ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ፈርስት ኦፊሰር ሆነህ ቤትህ ታድራለህ፣ አፕግሬዱ (ወደ ካፒቴን ማደጉ) ሲመጣ ግን ክፍት የሆነው የካፒቴን ቦታ ላጓርዲያ ወይ ኒዋርክ ይሆንና እንደገና ኮሚዩት (ከቤትህ ሌላ ከተማ ወዳለው ቤዝ መመላለስ) ትጀምራለህ። ኒውዮርክ ሁሌም ጁኒየር ነው፣ ማለትም ተራው ዝቅ ላለ ሰው የሚደርስ፣ ማንም እዛ መኖር አይፈልግም፣ አዲስ ካፒቴን የሚወረወረው እዛ ነው። ከመፈረምህ በፊት "አፕግሬድ እምቢ ብዬ ባለሁበት ቤዝ መቆየት እችላለሁ? አስገድዳችሁ ታሳድጋላችሁ?" ብለህ ጠይቅ፣ ይሄን ጥያቄ ሪክሩተሮቹ አይወዱትም፣ አንተ ግን ጠይቅ።

ሪዘርቭ (የተመደበ በረራ ሳይኖርህ ተጠባባቂ መሆን) ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ጊዜህ እሱ ነው። ሾርት ኮል (የአጭር ጊዜ ጥሪ) ላይ ስትሆን ስልክ ተደውሎ ብዙ ጊዜ በሁለት ሰዓት አካባቢ ውስጥ ኤርፖርት መገኘት አለብህ፣ በፓርት 117 (በፓይለቶች የስራና የዕረፍት ደንብ) ያ የመጠባበቂያ ጊዜ እስከ 14 ሰዓት ሊረዝም ይችላል። ቤትህ ናሽናል አጠገብ ከሆነ ይሄን ጊዜ ሶፋህ ላይ ሆነህ፣ ልጅህን ከትምህርት ቤት አምጥተህ ታሳልፈዋለህ፣ ካልተጠራህ ደመወዝህ ያው ነው። ኮሚዩት የምታደርግ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ጊዜ ኩዊንስ ውስጥ ክራሽ ፓድ (ፓይለቶች በጋራ የሚከራዩት ማደሪያ) ላይ፣ ስድስት ሰው ያለበት ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ሆነህ ስልክ ታያለህ፣ ለአልጋውም ከኪስህ ትከፍላለህ። ስራው አንድ ነው ደመወዙ አንድ ነው፣ ኑሮው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ላይን ስትይዝም እንደዛው ነው፣ በወር አራት ጊዜ ብትወጣና ለያንዳንዱ ከፊት አንድ ቀን ከኋላ ግማሽ ቀን በመመላለስ ብታጣ ስድስት የዕረፍት ቀን በላህ ማለት ነው፣ ማንም አይተካልህም።

ኮሚዩት የድካም ጉዳይ ብቻም አይደለም። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ከኒዋርክ ተነስቶ ቡፋሎ ሲቃረብ የወደቀውን ኮልጋን የተባለውን ሪጅናል በረራ ታስታውሳለህ፣ 50 ሰው ሞተ፣ ፈርስት ኦፊሰሯ ሌሊቱን ሙሉ ከሲያትል እየተጓዘች ነው የመጣችው፣ ካፒቴኑ ከፍሎሪዳ የሚመላለስ ነበር፣ ሌሊት የክሩ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበር። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ያሉት ካፒቴኑ ለስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው) ማስጠንቀቂያው የሰጠውን የተሳሳተ ምላሽ ነው፣ ድካሙም ግን በሪፖርቱ በሰፊው ተነስቷል። የ1,500 ሰዓቱ ሕግም ከዛ አደጋ በኋላ የመጣ ነው። እኔ ከቤቴ መስራት ከጀመርኩ ወዲህ ኮክፒት ውስጥ ስገባ ተኝቼ የተነሳሁ ሰው ነኝ፣ ይሄ ነገር በደመወዝ ተመን ውስጥ የለም።

ናሽናል ወዲያው ካልደረሰህ ሁለተኛ ምርጫህ ፊላደልፊያ ይሁን። ፒኤስኤም ሪፐብሊክም ፒድሞንትም እዛ ቤዝ አላቸው። በመኪና ትራፊክ ካልያዘህ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ ካልፈለግክ ከአሌክሳንድሪያ ወይ ከዩኒየን ስቴሽን በአምትራክ ሰርቲየዝ ስትሪት ጣቢያ ትወርድና የኤርፖርቱን ባቡር ትይዛለህ። በመሬት የሚደረስበት ቤዝና በጃምፕ ሲት (ለፓይለቶች በሚሰጥ ትርፍ ወንበር) ብቻ የሚደረስበት ቤዝ ለየቅል ናቸው፣ ጃምፕ ሲት ላይ ሰው ይቀድምሃል፣ አውሮፕላኑ ይከብዳል፣ ዶፍ ይመጣል፣ ባቡር ግን ትኬትህን ገዝተህ ትሄዳለህ። ሻርለት የስድስት ሰዓት መንገድ ነው፣ እሱን ኮሚዩት በለው።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ፦ ጊዜው ተቀይሯል። በ2022 የአሜሪካን ንብረት የሆኑት ሪጅናሎች የመጀመሪያ አመት ፈርስት ኦፊሰርን በሰዓት 90 ዶላር አስገቡት፣ ሌሎቹም ተከተሉ። በ75 ሰዓት ጋራንቲ (በወር ቢያንስ በሚከፈልህ ሰዓት) ስታሰላው ከታክስ በፊት በወር 6,750 ነው፣ ከገልፍ ካፒቴን ደመወዝ ጋር አይወዳደርም ግን ቨርጂኒያ ላይ ባለቤትህም ከሰራች ያኖራል። አንዳንድ ካምፓኒዎች ያለፈ የአየር መንገድ ልምድህን ለደመወዝ እርከን ይቆጥሩልሃል፣ ለሲኒየሪቲ አይደለም፣ ለክፍያ ብቻ፣ የውጭ አገር ልምድንም ይጨምራል ወይ ብለህ በጽሁፍ አስመልስ። ቦነስ ላይ ደግሞ የምትፈርመው ውል ካለው፣ ቤዙ ቢዘጋና ሌላ ከተማ ቢመድቡህ ጥለህ ብትወጣ ትመልሳለህ ወይ የሚለውን አንብብ። አንድ የማውቀው ልጅ በዚህ ተይዞ ከቤቱ ርቆ አመት ጨርሷል።

አሜሪካን ወይ ዩናይትድ ልግባ የሚል ሀሳብ ካለህ ለ65፣ ለጡረታ እድሜው፣ ስንት አመት እንደቀረህ አስላ። ረጅም ጊዜ ካለህ ግባ፣ ግን እዛም ከታች ነው የምትጀምረው፣ ምናልባትም ኒውዮርክ። ብዙ ካልቀረህና እንዳልከው ፍላጎትህ ቤት ማደር ከሆነ፣ ናሽናል ላይ ሲኒየር የሪጅናል ካፒቴን መሆን በጣም የተከበረ ኑሮ ነው፣ ማንም ትንሽ አውሮፕላን ብሎ እንዲያሳንስብህ አትፍቀድ።

አንድ ለሀበሻ ብቻ የሚሆን ጥቅም ልንገርህ፣ ጁኒየር ሆነህ ዲሴምበር 25 አይሰጡህም፣ ጃንዋሪ 7 ግን ማንም አይሻማህም። ፋሲካም ከፈረንጆቹ ጋር ባልገጠመበት አመት እንደዛው ነው፣ ቢድ ስታደርግ (የወሩን ፕሮግራም ስትመርጥ) ቀኑን ብቻ አስቀድመህ ያዝ።

ሌላ ከተማ ያላችሁ እያነበባችሁ ከሆነ በዛው መንገድ አስሉት፦ ዳላስ ከሆናችሁ ኤንቮይ፣ ሚኒያፖሊስ ኢንደቨርና ስካይዌስት፣ አትላንታ ኢንደቨር፣ ሲያትል ሆራይዘን፣ ዴንቨር ስካይዌስት፣ ኮለምበስ ሪፐብሊክ።

ላንተ ወንድሜ፣ የኔ ቅደም ተከተል ሪፐብሊክና ፒኤስኤ ሁለቱም ጋ ባንድ ቀን ማመልከት ነው። ሪፐብሊክ ለአሜሪካንም ለዴልታም ለዩናይትድም ስለሚበር አንዱ ኮንትራት ቢቀንስ ሌላው አለ፣ ፒኤስኤ ደግሞ የአሜሪካን ንብረት ስለሆነ ወደ አሜሪካን የሚያሻግር መንገድ አለው። ኢንተርቪው ላይ "ዲሲ ቤዝ አላችሁ?" ብለህ አትጠይቅ፣ አዎ ይሉሃል። "ባለፈው ክላስ የገባው የመጨረሻው ሰው ናሽናልን ለመያዝ ስንት ወር ፈጀበት? ዛሬ ናሽናል ላይ የመጨረሻው ጁኒየር ፈርስት ኦፊሰር መቼ የተቀጠረ ነው? ካፒቴኑስ?" በል። ከዛ እዛው ቤዝ ያለ ፓይለት ፈልገህ ያንኑ ጠይቀው። የኤቲፒ ሲቲፒ ኮርሱን (ለኤቲፒው የግድ የሚወሰደውን)፣ 30 ሰዓት ክፍል ውስጥና 10 ሰዓት ሲሙሌተር ያለውን፣ ካልወሰድክ ካምፓኒው ይከፍልልህ እንደሆነ አብረህ ጠይቅ፣ ብዙዎቹ ይከፍላሉ። የናሽናል ቤዝ ሰዎችን ማግኘት ካቃተህ በውስጥ ጻፍልኝ፣ አገናኝሃለሁ።