ሞለኪውል ይዞራል፣ ይሽከረከራል ወይስ ይገላበጣል?

ጥያቄ፦ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በጣም ፈጣን በሆነ ሌዘር ስለሚጠና የሞለኪውሎች እንቅስቃሴ ለተማሪዎቼ በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። «ሞለኪውሎች በፈሳሽ ውስጥ ይሽከረከራሉ» አልኩ። ባልደረባዬ «ይዞራሉ በል» አለኝ። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ እኔ ሁለቱንም አልመርጥም። ምክንያቴን ልንገርዎ።

«ዞረ» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን በአንድ ነገር ዙሪያ መሄድ ነው። ከተማ እንዞራለን። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች፤ በራሷ ዛቢያ ግን ትሽከረከራለች። ስለዚህ «ይዞራሉ» ካሉ ተማሪው «ምንን?» ብሎ ይጠይቃል።

የእርስዎ ቃል ይሻላል፤ ግን ጎማ ያስታውሳል። የሚሽከረከር ነገር በአንድ አቅጣጫ ዙር እየሞላ ይቀጥላል፤ እንዝርት ሲሾር እንደሚታየው። ሰፊ ቦታ ያገኘ የጋዝ ሞለኪውል እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። በፈሳሽ ውስጥ ግን ጎረቤት ይበዛል። ሞለኪውሉ ትንሽ ዘወር ሲል ይጋጫል፣ ይገፋል፣ ይመለሳል። እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው አልጋ ላይ ምን ያደርጋል? ይገላበጣል። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ለእኔ ቃሉ ይኸው ነው፦ «ሞለኪውሎች በፈሳሽ ውስጥ ይገላበጣሉ»።

ሙከራውም ዙር አይቆጥርም። የመጀመሪያው የሌዘር ብልጭታ ወደ አንድ አቅጣጫ የዞሩትን ሞለኪውሎች ለይቶ ይነካቸዋል። ሁለተኛው ጥቂት ቆይቶ ይደርስና ስንቶቹ ፊታቸውን እንዳላዞሩ ያያል። የሚለካው የቀድሞው አቅጣጫ በስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ነው። በክፍል ሙቀት ላለ ውሃ 2 ፒኮሴኮንድ ገደማ ይበቃል። አንድ ፒኮሴኮንድ የሴኮንድ ትሪሊዮንኛ ነው! እንደ ግሊሰሪን ባለ ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ግን ነገሩ እጅግ ይዘገያል።

«ዞር አለ»ን ደግሞ አደራ አይርሱት። እ.ኤ.አ. በ2006 ኬሚስቶቹ ዳሚየን ላዥ እና ጄምስ ሃይንስ በኮምፒውተር ስሌት አንድ ደስ የሚል ነገር አሳይተዋል። የውሃ ሞለኪውል በሃይድሮጅን ቦንድ (ሞለኪውልን ከሞለኪውል በሚያያይዝ ደካማ ትስስር) የተያያዘውን ጎረቤቱን ሲቀይር ቀስ እያለ አይዞርም። በአንዴ 60 ዲግሪ ያህል ይዘላል። አማርኛችን ለዚህ የተዘጋጀ ግስ አለው። «ዞር በል!» የተባለ ሰው ክብ አይሠራም፤ ድንገት አቅጣጫ ይቀይራል እንጂ። ስለዚህ የአንዷን ዝላይ ሲገልጹ «ዞር ይላል»፣ የተደጋገመውን ሲገልጹ «ይገላበጣል» ይበሉ።

ሲተይቡ ግን «ላ»ን ይጠብቁ። «ይገለበጣል» ካሉ መኪና ሆነ።