ሁለተኛውን አልበም «ወረደ» ከማለታችሁ በፊት

ውድ ልጆች፣

አንድ ባንድ አዲስ አልበም ሲያወጣ «ወረዱ!» ለማለት የሚቀድማችሁ የለም። አልበሙ ዓርብ ይወጣል፣ ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር ቡና ላይ ፍርዱ ያልቃል። ከዚያ ወደ እኔ ትመጣላችሁ። «ጋሼ፣ አዲሱ ነው የሚሻለው የድሮው?» ጥያቄው አይከፋም፤ ችኮላው ነው የከፋው። ዕድሜዬን ሚክሰር ላይ የፈጀሁ የድምፅ ሰው ነኝና ጆሮ እንዴት እንደሚሸወድ ትንሽ አውቃለሁ።

ሰሞኑን ስለ ኒውዮርኮቹ የሮክ ባንድ ስለ ዘ ስትሮክስ ስትከራከሩ ስለሰማሁ በነሱ ልጀምር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የመጀመሪያ አልበማቸው ኢዝ ዚስ ኢት በ2001 ወጣ። 11 ዘፈን፣ 36 ደቂቃ ገደማ። ምድር ቤት ባለች ስቱዲዮ ከፕሮዲውሰሩ ከጎርደን ራፋኤል ጋር ቀዱት። የድምፃዊው የጁሊያን ካዛብላንካስ ድምፅ በስልክ የሚመጣ የሚመስለው አለምክንያት አይደለም። በትንሽ የመለማመጃ አምፕሊፋየር አሳልፈውት ነው። ተቺው ሁሉ አጨበጨበ። ሁለተኛው ሩም ኦን ፋየር በ2003 መጣ። እሱም 11 ዘፈን፣ 33 ደቂቃ። ተቺዎች አልጠሉትም፤ ብዙዎቹ ግን «ያው የፊተኛው ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ባንዱ ለመለወጥ ሞክሮ ነበር። ሁለተኛውን አልበም የጀመሩት ከናይጄል ጎድሪች ጋር ነው፤ የእንግሊዙን ባንድ የሬዲዮሄድን አልበሞች ኦኬ ኮምፒዩተርና ኪድ ኤን ፕሮዲውስ ካደረገው ሰውዬ ጋር ማለት ነው። አልሆነላቸውም። ሥራውን ትተው ወደ ራፋኤል ተመለሱ። ስለዚህ ያ ድምፅ ሌላውን ቀምሰው የመረጡት ነው። ይህን ሳያውቁ «ሰነፉ» ማለት ደግ አይደለም።

ሬዲዮሄድን ካነሳሁ አይቀር፣ እነሱም ከክስ አልዳኑም። በ1997 ኦኬ ኮምፒዩተር ዓለምን አስደመመ። በ2000 ኪድ ኤ ሲመጣ ጊታሩ ጓዳ ገብቶ ኤሌክትሮኒክሱ ሳሎኑን ይዞታል። ነጠላ ዘፈን እንኳ አልለቀቁለትም። ግራ የገባቸው፣ የተቆጡም ተቺዎች ነበሩ። አንዱ ባንድ ባለመለወጡ ተከሰሰ፣ ሌላው በመለወጡ። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2009 የአሥር ዓመቱን ምርጥ አልበሞች ሲደረድር ደግሞ ኪድ ኤን አንደኛ አደረገው፤ ኢዝ ዚስ ኢትን ሁለተኛ። የመጀመሪያ ሳምንት ፍርድ ይዛችሁ የምትሮጡ ይህችን ያዙልኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

ደግሞስ «ያው ነው» ነቀፋ የሆነው መቼ ነው? አዝማሪ ቤት ገብታችሁ «ትናንትም ትዝታ ነበር፣ ዛሬም ትዝታ» ብሎ የሚያማርር ሰው አይታችኋል? ቅኝቱ ያው ነው። የምንጠብቀው ግጥሙን፣ ማሲንቆው የት ላይ እንደሚያዘግም፣ የትኛው እንግዳ በሰምና ወርቅ እንደሚወጋ ነው። ሩም ኦን ፋየርንም በዚህ ጆሮ ስሙት። ትዌልቭ ፊፍቲ ዋን የሚባለው ዘፈን ላይ ኪቦርድ የሚመስላችሁ ጊታር ነው። ያው ከተባለው አልበም የወጣው ሬፕቲሊያ ዛሬ ከባንዱ ዘፈኖች እጅግ ከሚወደዱት አንዱ ሆኗል።

አሁን ወደ እንጀራዬ ልምጣ። ሁለት ቅጂ ስታወዳድሩ አንዱ በአንድ ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) እንኳ ከፍ ካለ ጆሮ ወደ እሱ ያደላል። ሰሚው «ጮኸ» አይልም፤ «ጠራ» ነው የሚለው። ሥራ ላይ አንዳንድ ዘፋኝ «ድምፄ አላማረም» እያለ ሲያስቸግረኝ ፌደሩን፣ ሚክሰሩ ላይ ያለውን የድምፅ መጠን መግፊያ፣ ለአመል ያህል ከፍ አደርግለታለሁ። «አሁን ተስተካከለ!» ይላል። ምንም አላስተካከልኩም። (ማንነቱን አልናገርም፣ ገበያ ነው።)

እናንተ ደግሞ አንዱን አልበም ከዩቲዩብ፣ ሌላውን ከቴሌግራም አውርዳችሁ ነው የምትፈርዱት። ዩቲዩብ ከፍ ብሎ የመጣውን ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል፤ ቴሌግራም ላይ ያለው ፋይል እንደመጣ ነው። አንዱ በ128 ኪሎቢት ተጨምቋል፣ ሌላው 320 ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምፁ ይበልጥ ተጨምቋል ማለት ነው። በ128 የተጨመቀው ላይ ሲምባሉ (ከከበሮው ጋር የሚመታው የብረት ሳህን) ከተመታ በኋላ ያለውን ጭራ ስሙ። ውሃ ውስጥ እንደገባ ይንሿሿል። ያ የከበሮ መቺው ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም ከአንድ ምንጭ ውሰዱ። ያንኑ ኢርፎን አድርጉ። የአንዱ አልበም ድምፃዊ ድምፅ ከሌላው አልበም ጋር እኩል እስኪሆን ቮሊዩሙን አስተካክሉ፣ ከዚያ አትንኩት። ባጃጅ ውስጥ፣ ቤዙ ተለቆ፣ አይሆንም። ጣና ዳርም ከሰዓት በኋላ ንፋሱና ማዕበሉ ዝግ ያለውን ድምፅ ይበሉታል። ማታ፣ ቤት፣ መብራት ካለ።

አንድ ነገር ግን በቮሊዩም አይስተካከልም። የፊተኛውን አልበም ዩኒቨርሲቲ ሳላችሁ ፔዳ ግቢ ዶርም ውስጥ ከጓደኛ ጋር አንድ ኢርፎን ተካፍላችሁ ሰምታችሁታል። ፍቅር ይዟችሁ፣ ፈተና ወድቃችሁ ሰምታችሁታል። አዲሱ ከትናንት ወዲያ የመጣ እንግዳ ነው። የምታወዳድሩት አልበም ከአልበም ነው ወይስ አልበም ከጉብዝና ወራት? ቢያንስ ዘፈኖቹን ሳታስቡት ማንጎራጎር እስክትጀምሩ ታገሱት።

ባንድ ላላችሁ ደግሞ አጭር ነገር። የመጀመሪያ አልበም ዘፈኖች ብዙ ጊዜ ከመቀዳታቸው በፊት መድረክ ላይ በስለዋል፤ ሰው ያዛጋበት ቦታ ተቆርጧል። ለሁለተኛው ያ ጊዜ አይገኝም፣ ጉዞው ይበዛል፣ አሳታሚው ይጣደፋል። አዲሶቹን ከመቅዳታችሁ በፊት ሰው ፊት ተጫወቷቸው። ትንሽ ምሽት ቤትም ብትሆን።

የኔን ፍርድ ካላችሁኝ፣ ሩም ኦን ፋየር ላይ ልጆቹ የተሻለ ይጫወታሉ፣ ጊታሮቹም የበለጠ ይደማመጣሉ። ከዳር እስከ ዳር ሳላቋርጥ የምሰማው ግን ኢዝ ዚስ ኢትን ነው። ሦስተኛው አልበማቸው በ2006 መጀመሪያ 14 ዘፈን ይዞ ነው የመጣው። በእሱ ሌላ ጊዜ እንከራከራለን፣ ቡናው ግን በእናንተ ነው።