ኦፓል መቁረጥ መማር ለምትፈልገው የመዘዞ ልጅ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የምኖረው ሰሜን ሸዋ፣ መዘዞ አካባቢ ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት አልመጣልኝም። ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ይቆፍራል፤ ያወጡትን ደላላ ደባልቆ በኪሎ ይወስደዋል። አዲስ አበባ አክስቴ ጋ የሄድኩ ጊዜ ተቆርጦና ተወልውሎ የሚሸጥበትን ዋጋ አይቼ ደነገጥኩ። እኔ ራሴ መቁረጥ ብማርስ? አንድ ሰውዬ ያገለገለ ማሽን ሊሸጥልን ነው። እናቴም በሬ ሸጣ ልትገዛልኝ ፈቅዳለች። ምንም የማላውቅ ጀማሪ ነኝ። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ ለእናትሽ የሚነገረውን ላስቀድም። በሬው አይሸጥ። ቢያንስ አሁን አይሸጥ። ሐሳብሽ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ በጣም ጥሩ ነው። ከደጃፍሽ የሚወጣው ሀብት እዚያው ሙያ እንዲሆን መመኘትሽ በእውነት አስደስቶኛል። ግን ማሽን ሙያ አያስተምርም። ኦፓል ላይ ደግሞ ትልቁ ሥራ ድንጋዩን ማወቅ ነው፤ እሱን ለመማር በሬ የሚያሸጥ ወጪ የለበትም።

በተለይ ያንቺ አገር ድንጋይ ጠባዩን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የሸዋ ኦፓል ገበያ የወጣው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። የወሎው፣ የወገል ጤናው፣ የተገኘው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቀዳሚው የእናንተ ሆኖ ሳለ ዛሬ የኢትዮጵያ ኦፓል ሲባል ሁሉም ወሎን የሚጠራው ለምን ይመስልሻል? አንዱ ትልቅ ምክንያት መሰንጠቅ ነው። የመዘዞ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ክብ ሆኖ ይወጣል፤ ከውጭ ተራ ድንጋይ ነው፣ ሲከፈት ውስጡ ቡናማ፣ ቸኮሌት መልክ ወይም ብርቱካናማ ኦፓል ይገኛል። ኦፓል በውስጡ ውሃ የያዘ ድንጋይ ነው። ከመሬት ወጥቶ አየር ሲያገኘው ውሃውን ይለቃል፤ በዚህ ጊዜ ብዙው ይሰነጠቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገዢው እጅ ከገባ በኋላ የተሰነጠቀው ድንጋይ ብዙ ነበር። የሸዋ ኦፓል ስሙ የተበላሸው ያኔ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርትሽ መጠበቅ ነው። ወንድምሽን ደላላው የሚጥላቸውን ትንንሾቹን ለምኚው። እጠቢያቸው። ውጭ ያለውን ቅርፊት በአንድ ጎን ትንሽ አንሺና ውስጡ እንዲታይ አድርጊ። ከዚያ ካርቶን ውስጥ ወረቀት አንጥፈሽ ደርድሪያቸው፤ የወጡበትን ቀንም ጻፊባቸው። ፀሐይ ላይ አይሁን፣ ምድጃ ዳርም አይሁን። የእናንተ አገር ብርድ አውቀዋለሁ፣ ድንጋዩን እሳት አጠገብ ቶሎ ላድርቀው ማለት ያጓጓል። አታድርጊው። ድንገተኛ ሙቀት ደህናውንም ይሰነጥቀዋል። ለወራት ይቀመጡ። በየሳምንቱ እያነሳሽ በባትሪ መብራት እያቸው። መብራቱን ከኋላ፣ ከዚያ ከጎን አድርጊ። ስንጥቅ መጀመሪያ የሚታየው እንደ ቀጭን ብልጭ የምትል መስመር ሆኖ ነው። የትኛው ዓይነት እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው እንደተረፈ ደብተር ላይ መዝግቢ። ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣም ወንድምሽን ጠይቀሽ ጻፊ። አንድ ዓመት እንዲህ የመዘገበች ልጅ ድንጋዩን በኪሎ ከሚገዛው ደላላ የበለጠ ታውቃለች።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ኦፓል በውሃ በተሞላ ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ሲሸጥ ታዪ ይሆናል። ውሃው ስንጥቁን ይደብቃል። አንቺ ስትገዢ ደርቆ ያላየሽውን ድንጋይ አትግዢ፤ ስትሸጪም ሳይደርቅ አትሽጪ።

የወሎ ድንጋይ እጅሽ ከገባ ደግሞ ሌላ ጠባይ ታዪበታለሽ። እሱ ውሃ ይመጥጣል። መቁረጥ ስትጀምሪ በውሃ ነው የሚሠራው፤ ድንጋዩ ይጠጣና ብርጭቆ መስሎ ቁጭ ይላል፣ ቀለሙ በሙሉ ይጠፋል። ጀማሪ እዚህ ጋ «አበላሸሁት» ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም። ጥላ ውስጥ ለቀናት፣ ወፈር ካለ ለሳምንታት ሲቀመጥ ቀለሙ ይመለሳል። ችግሩ ሌላውንም ነገር እንደ ውሃው መምጠጡ ነው። ዘይት፣ ሳሙና፣ የእስክሪብቶ ቀለም ሁሉ ይገባዋል። ምልክት ስታደርጊበት በእርሳስ ይሁን። በዘይት በተነካ እጅም አትያዥው።

አሁን ወደ መቁረጡ እንምጣ። ኦፓል ብዙ ጊዜ የሚሠራው ታቹ ጠፍጣፋ፣ ላዩ ጉብ ያለ ሆኖ ነው። ካቦሾን ይሉታል። ይህን ቅርጽ ያለ ማሽን፣ በእጅሽ ማውጣት ትችያለሽ። መኪና ቀለም የሚቀቡ ሰዎች የሚጠቀሙበትን፣ ውሃ የሚችለውን የብርጭቆ ወረቀት ግዢ። ደብረ ብርሃን አታጪውም። 320፣ 600፣ 1000፣ 2000 ቁጥር ይበቃሻል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ እየለሰለሰ ይሄዳል። ኦፓል ጥንካሬው ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ (ሞስ) ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፣ ከኳርትዝ ያንሳል። ወረቀቱ ይበላዋል፣ ክንድሽም ይደክማል። ለመማር ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ በማሽን በሰከንድ የሚፈጠረው ስህተት በእጅ ሲሆን እየታየሽ ይመጣል።

የደረቀውንና ያልተሰነጠቀውን ትንሽ ድንጋይ ያዥ። ከመንካትሽ በፊት በሁሉም አቅጣጫ እያዞርሽ እዪው። ቀለም የሚያበራ ከሆነ ከየት በኩል እንደሚያበራ ለዪ። ኦፓል ውስጡ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የሲሊካ ክብ ቅንጣቶች አሉ። እኩል መጠን ኖሯቸው በሥርዓት ሲደረደሩ ብርሃኑን ከፋፍለው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ያደርጉታል። ካልተደረደሩ ብልጭታ የለም፤ ከመዘዞ የሚወጣው ብዙው እንዲህ ነው። ብልጭታው ደግሞ ከአንዱ ጎን ደምቆ ከሌላው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የትኛው ጎን ከላይ እንዲሆን ከመቁረጥሽ በፊት ነው የሚወሰነው። ጥሩ ቆራጭና ተራ ቆራጭ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

ከዚያ ድንጋዩን የሚስማር ራስ ላይ ወይም እርሳስ የሚያህል እንጨት ላይ በሱፐር ግሉ አጣብቂው። ሌላ ድንጋይ የሚቆርጡ ሰዎች በእሳት የቀለጠ ሰም ይጠቀማሉ፤ ለኦፓል ሙቀቱ አደገኛ ነው። ማጣበቂያው በኋላ በአሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ባለው ፈሳሽ) ይለቃል። ወረቀቱን በውሃ አርጥበሽ ስፖንጅ ላይ አድርጊና ድንጋዩን እያሽከረከርሽ ፈትጊ። አትጫኚው። አንድ ቦታ ላይ ከቆየሽ ጠፍጣፋ ቦታ ይወጣል፤ ጉብታው ላይ መብራት ስታበሪ ብርሃኑ እዚያ ጋ ይሰበራል። የታችኛውን ጠርዝ ስል አድርገሽ አትተዪው፤ በትንሹ ሰያፍ አድርጊው፣ አለዚያ ፈልፈል እያለ ይሰበራል።

ሁሉም ጀማሪ የሚሳሳትበት ቦታ ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው መሸጋገሪያው ነው። እርጥብ ድንጋይ ሁልጊዜ ያለቀለት ይመስላል። ጭረቱን ውሃው ይሸፍነዋል። ከ320 ወደ 600 ከማለፍሽ በፊት በጨርቅ አድርቂውና መስኮት ዳር ሄደሽ አዘንብለሽ እዪው። የ320ው ጭረት ከቀረ 2000 ላይ ስትደርሺ ጎልቶ ይወጣና እንደገና ትመለሻለሽ። ወረቀት በቀየርሽ ቁጥር ድንጋዩን፣ እጅሽን፣ ጥፍርሽ ሥር ሳይቀር ታጠቢ፤ ከቀድሞው ወረቀት የቀረች አንዲት ቅንጣት የሰዓታት ሥራ ትጭራለች። መጨረሻ ላይ ቆዳ ላይ በሴሪየም ኦክሳይድ ይወለወላል። መስታወት የሚያስተካክሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዱቄት ነው። ለወሎው ድንጋይ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሪው፣ ዱቄቱ ሊገባው ይችላል።

የትንፋሽሽን ነገር አደራ። የድንጋይ ብናኝ፣ በተለይ ኦፓሉ ዙሪያ ያለው ቅርፊት ብናኝ፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይድን በሽታ ያመጣል። ሁልጊዜ በውሃ ሥሪ። ጭቃው ደርቆ ጠረጴዛው ላይ እንዳይቀር፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ብናኝ የሚያስቀር ማስክ አድርጊ። በደረቁ በትንሽ ሞተር የሚፈትጉ ልጆች አሉ፣ እባክሽ እነሱን አትምሰያቸው።

እንዲህ አድርገሽ ጥቂት ድንጋይ ከጨረስሽ በኋላ አዲስ አበባ አክስትሽ ጋ ሂጂ። የሠራሻቸውን ይዘሽ ሂጂ። ባዶ እጁን የመጣ ሰው መሣሪያ ሲጠርግ ይውላል፤ የሠራውን የሚያሳይ ጀማሪን ግን ቆራጭ ቁም ነገር ብሎ ያናግረዋል። ክፍያ የሚጠይቅ ሥልጠና ካገኘሽ ሳትከፍዪ ይህን ጠይቂ፦ ከጥሬው እስከ መጨረሻው ውልወላ ድረስ በራሴ እጅ ስንት ድንጋይ እሠራለሁ? የራሴን ድንጋይ ይዤ መምጣት እችላለሁ? መልሱ ድፍንፍን ካለ ተመለሺ። የምስክር ወረቀት ብቻ የሚሰጥ ሥልጠና ለዚህ ሙያ ብዙም አይጠቅምሽም። ገዢ የሚያየው ድንጋዩን ነው።

ገቢውን በተመለከተ ካሰብሽው የተለየ ነገር ልንገርሽ። የመጀመሪያው ገንዘብሽ ከመለየት እንጂ ከመቁረጥ የሚመጣ አይመስለኝም። ወንድምሽና ጓደኞቹ የሚሸጡት ተደባልቆ ነው። ስለዚህ ጥሩው ድንጋይ በመጥፎው ዋጋ ይሄዳል። አንቺ የደረቀውን ከእርጥቡ፣ ብልጭታ ያለውን ከሌለው፣ የተሰነጠቀውን ከደህናው ለይተሽ ብታቀርቢላቸው ዋጋ የመጠየቅ አቅማቸው ይጨምራል። ከዚህ ላይ የድካምሽን ይስጡሽ፤ ከመጀመሪያውም በግልጽ ተነጋገሩ። በቤተሰብ መካከል ያልተነጋገሩበት ገንዘብ ያጣላል።

ከቆረጥሽ በኋላም ሒሳቡን በልክ አስቢው። አምስት ካራት አንድ ግራም ነው። 10 ግራም ጥሬ 50 ካራት ማለት ነው። ቅርፊቱ፣ ስንጥቁና ጉብታ ለማውጣት የሚፈጨው ሄዶ 15 ካራት ከተረፈሽ ደህና ነው። አዲስ አበባ ያየሽው ዋጋ ይህን ሁሉ ብክነት የያዘ ዋጋ ነው። ሌላው፣ ጌጥ ሠሪዎች ልኩ የታወቀ ድንጋይ ይወዳሉ፤ 6 በ8 ወይም 8 በ10 ሚሊ ሜትር ያለው ለተዘጋጀው ቀለበት ወዲያው ይገባል። ግን አንድ ለየት ያለ ድንጋይ ልኩን ለማምጣት ብለሽ ግማሹን አትፍጪው። እሱ ራሱ ቅርጹን ይምረጥ።

ሕጉንም አትርሺ። የከበረ ድንጋይ መግዛት፣ መቁረጥና መሸጥ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የወረዳችሁ ማዕድን ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የወንድምሽ ቡድን በማኅበር ተመዝግቦ እንደሆነ አጣሪ፤ አንቺ በማኅበሩ ውስጥ ሆነሽ መሥራት ትችዪ እንደሆነም ጠይቂ። ለብቻሽ ከመሮጥ ይሄ ይቀላል።

ማሽኑን ለሚሸጠው ሰውዬ «አሁን አንገዛም፣ ግን መጥቼ ልየው» በዪው። ማየት አያስከፍልም። ስትሄጂ የጨረስሻቸውን ድንጋዮች ያዥ። ሞተሩን አስነሺው። ዲስኩ ሲሽከረከር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኦፓል ይሰብራል። ዲስኩ ላይ ጣትሽን ቆሞ እያለ አሳልፊበት፤ ላዩ ላይ የተለበጠው የአልማዝ ብናኝ ካለቀ ልሙጥ ይሆናል፣ ያኔ የምትገዢው ሞተሩን ብቻ ነው፣ ዲስኮቹን ደግሞ ለብቻ ትገዢያለሽ። ውሃው እስከ መጨረሻው እየፈሰሰ መሥራቱን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከውሃው መራቁንም እዪ። ከዚያ አንድ ድንጋይ ራስሽ ሥሪበት። እሱን ስትጨርሺ ማሽኑ ምን ያህል እንደሚያወጣ ራስሽ ትፈርጃለሽ። ስለ በሬውም ያን ጊዜ ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተመካከሩ።