የጣሊያን ጣፋጭ ቤት ውስጥ ለምትሞክሩ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ፣ ሼፍ ምናምን አይደለሁም፣ ሮም ሰው ቤት ስሠራ ከሲኞራዋ ኩሽና የለቀምኩትን ነው የምመልሰው።

ጥያቄ፦ የጾም የሚሆን አላቸው? ቅቤም እንቁላልም የሌለበት

አለ እንጂ እህቴ! ቻምቤሊኔ አል ቪኖ ይባላል፣ የሮም ዙሪያ ገጠር ብስኩት ነው፣ ቀለበት ቀለበት የሆነ። ልኩ በብርጭቆ ነው፣ አንድ ወይን፣ አንድ ዘይት፣ አንድ ስኳር፣ ዱቄቱ ደግሞ ሊጡ እስኪበቃው። ሲኞራዋን ስንት ግራም ስላት ትስቅብኝ ነበር፣ እጅሽን መያዝ ሲተው በቃ ትለኛለች። የአኒስ ፍሬ ጣል አርጊበት (ከጠፋ እንስላል)፣ በጣት ውፍረት አድቦልቡለሽ ቀለበት ሥሪና አንድ ፊቱን ብቻ ስኳር አስነክተሽ 180 ዲግሪ ላይ 25 ደቂቃ ገደማ። ሲወጣ ለስላሳ ነው፣ አልበሰለም ብለሽ እንዳትመልሽው፣ እኔ መልሼው ድንጋይ ሆኖ ቀርቷል፣ ሲቀዘቅዝ ነው የሚጠነክረው።

ጥያቄ፦ ቢስኮቲ ስቆርጠው ይፈረካከስብኛል፣ ምንድነው ችግሩ

ቸኩለህ ነው ወንድሜ። ቢስኮቲ ማለት እኮ ሁለቴ የበሰለ ማለት ነው፣ የፕራቶ ከተማ ሰዎች ካንቱቺ የሚሉትን አልሞንድ ያለበትን ብስኩት በለው። መጀመሪያ ድፍኑን ጋግረህ አውጣና 10 ደቂቃ ይረፍ፣ ከዛ ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላ ሰያፍ ቆርጠህ መልሰህ አድርቀው። ጭራሽ ከቀዘቀዘም አልሞንዱ ቢላውን ይዞ ይሰብርብሃል።

ጥያቄ፦ ለቲራሚሱ ማስካርፖኔ አጣሁ፣ በክሬም ቺዝ ይሆናል?

ይጎመዝዛል፣ ባይሆን ይሻላል። ማስካርፖኔ ከክሬም የሚወጣ ለስላሳ አይብ ነው፣ ራስሽ አውጪው፣ አሠራሩ ከእኛ አይብ ብዙም አይለይም፦ ግማሽ ሊትር ቅባት ያለው ክሬም 85 ዲግሪ ድረስ አሙቂና አንድ ሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጨምረሽ አምስት ደቂቃ አማስይ፣ እንደ አይብ አይቋጠርም፣ ወፈር ነው የሚለው። በንጹህ ጨርቅ አጥልለሽ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ቲራሚሱው ውስጥ ከክሬሙ ጋር የሚደራረበውን ብስኩት ደግሞ የቀዘቀዘ ቡና አስነክተሽ ወዲያው አውጪ፣ ከቆየ ገንፎ ነው። (ቲራሚሱ የጥንት የአያቶች ነገር የሚመስላቸው አሉ፣ ሰሜን ጣሊያን ትሬቪዞ ከተማ ውስጥ በ1970ዎቹ ነው ስሙ የወጣው።)

ጥያቄ፦ ፓኔቶኔስ?

የገና ጣፋጭ ዳቦአቸውን ነው? እሱን ግዢ። እርሾው ብቻ ቀናት ይፈጃል፣ ከኦቨን ሲወጣ ደግሞ እንዳይሟሽሽ ሥሩን በሽቦ ወግተሽ ቁልቁል ሰቅለሽ ነው የምታቀዘቅዢው። እኔ ሁለት ወንበር መሀል ሰቅዬ ሌሊት ወድቆ አገኘሁት።