የአንባቢያን ጥያቄ፦ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ቤተ እምነቱና ስለ ጎረቤት

በዚህ ሰሞን ከአዲስ አበባ ዳርቻ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሃይማኖት ናቸው። አንዳንዶቹን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ከኮዬ ፈጬ፦ «ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት። አሁን ግን መሄድ አቁሜያለሁ። የምሰማው የገንዘብና የሥልጣን ጠብ ብቻ ሆነብኝ። እናቴ ‹ልጄ ካደ› እያለች ታለቅሳለች። እውነት ክጃለሁ?»

ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ እንደተረዳሁት የራቅኸው ከሰዎቹ አሠራር ነው። ስለ ፈጣሪ አንድም ክፉ ቃል አልጻፍክም። ይህን ለእናትህ ለይተህ ንገራት። ሁሉን ነገር እርግፍ አድርገህ የተውክ መስሏት ይሆናል።

በቤተ እምነት መቆጣት ደግሞ አንተ የጀመርከው ነገር አይደለም። ኢሳይያስ ምዕራፍ 1ን አንብብ። እጃችሁ ደም ሞልቶበታልና ጸሎታችሁን አልሰማም፣ ይልቅ የተገፋውን አድኑ፣ ለድሀ አደጉ ፍረዱ ይላል። አሞጽ 5 ላይ ፈጣሪ በዓላቸውን እንደጠላው ይናገራል። ክርስቶስም ማርቆስ 12 ላይ ጸሎታቸውን እያስረዘሙ የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን ጻፎች ወቅሷል። ቁርኣንም ሱረቱል ማዑን በሚባለው ምዕራፉ ለታይታ የሚሰግዱትንና ትንሽ ዕርዳታ የሚከለክሉትን ወዮላቸው ይላል። ይህን ሁሉ ያለው ከውጭ የመጣ ተቺ አይደለም፤ በየቤተ እምነቱ የሚነበበው መጽሐፍ ራሱ ነው። ስለዚህ ሒሳብ የሚጠይቅ ምእመን እንደ ጠላት ሲታይ በጣም ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ከማኅበርህ ጋር እየሄድክ ትጠይቃቸው የነበሩ አረጋውያን ወይም ሕሙማን ነበሩ? ካሉ እነሱን አብረህ አትተዋቸው። ያዕቆብ 1፥27 ንጹሕ አምልኮ የሚለው ወላጅ የሌላቸውንና መበለቶችን በመከራቸው መጠየቅን ነው። ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግህም።

ከሰበታ፦ «ሁሉም ሃይማኖት የሚለው አንድ ነው። ታዲያ ለምን እንለያያለን?»

አንድስ አይደለም። ስለ ክርስቶስ ማንነት፣ ስለ ነቢያት፣ ስለ ድኅነት ያለው ልዩነት ለሚያምን ሰው ትልቅ ነው። አብሮ ለመኖር ሲባል ልዩነቱን ማሳነስ አያስፈልግም። የሚገናኙት ሰው ለሰው ማድረግ በሚገባው ላይ ነው። በኦርቶዶክሱ 81 መጻሕፍት ውስጥ ያለው መጽሐፈ ጦቢት (ምዕራፍ 4) የምትጠላውን በማንም ላይ አታድርግ ይላል። ፕሮቴስታንቱ በሚቀበላቸው 66 መጻሕፍት ውስጥ ጦቢት የለም፤ ግን ማቴዎስ 7፥12 አለ። ቡኻሪና ሙስሊም የተባሉት ሊቃውንት በዘገቡት ሐዲስ (የነቢዩ ሙሐመድ ቃል) ደግሞ፣ ለራሱ የሚወደውን ለወንድሙ እስኪወድ ድረስ ማንም አላመነም ተብሏል። ጎረቤትዎ ቢያጭበረብርዎ የትኛውን ጠቅሶ ሊያመልጥ ይችላል?

ከቡራዩ፦ «ኤፌሶን 6 ባሮችን ለጌቶቻችሁ ታዘዙ ይላል። እንዲህ ከሚል መጽሐፍ እንዴት ግብረ ገብ እንማራለን?»

እህቴ፣ ጥቅሱ አለ፤ ላድበሰብሰው አልፈልግም። በአገራችንም የሚጾሙና የሚያስቀድሱ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ባሪያ ነበራቸው። የድሮው የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት እንኳ ስለ ባሪያና ጌታ ደንብ ነበረው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ግን ያው መጽሐፍ ዘጸአት 21፥16 ላይ ሰው ሰርቆ የሚሸጥ ይገደል ይላል። ዘፍጥረት 1 ላይ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ ይላል። አንዱ ገጽ ከሌላው ሲጋጭ አንባቢው በልቡና መመዘን አለበት። የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ የሚለውም ይህንኑ ነው። ልቡና የፈጣሪ ብርሃን ነው፣ ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነው፣ ሰውን እንደ ከብት መሸጥም ከፈጣሪ ሊሆን አይችልም ይላል። የጻፈው ኢትዮጵያዊ ነው አይደለም በሚል ምሁራን ሲከራከሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሐሳቡ ግን ጸሐፊው ማንም ይሁን ማን ልክ ነው።

ከቱሉ ዲምቱ፦ «የቤተ እምነት የድምፅ ማጉያ እንቅልፍ ነሳን። መናገር ኃጢአት ነው?»

አይደለም። ማቴዎስ 6፥6 ቤትህ ገብተህ፣ በርህን ዘግተህ ጸልይ ይላል። ቁርኣን 17፥110 ደግሞ ሲሰገድ ድምፅ ከመጠን በላይ እንዳይጮህም እንዳያንስም ይመክራል። ከራሱ ከቤተ እምነቱ ምእመናን ሁለት ሦስት ጎረቤት ይዛችሁ ሄዳችሁ አስተዳዳሪዎቹን በትሕትና አነጋግሩ።

ከለገጣፎ፦ «የዕድር ሰብሳቢ ነኝ። አንድ አባላችን ‹ሃይማኖት የለኝም› ብሎ በግልጽ ተናገረ። መዋጮ አጓድሎ አያውቅም። አንዳንዶች ይባረር ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ቢሞት የት ሊቀበር ነው ይላሉ።»

አባቴ፣ እባክዎ እንዳይባረር። የሰው ለቅሶ ሲደርስ፣ ድንኳን ሲተክል የኖረ ሰው ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 የእምነትና የኅሊና ነፃነትን ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። የእግዜርን ፍርድ ዕድር መፍረድ የለበትም።

የቀብሩ ጥያቄ ግን እውነተኛ ነው። ብዙው መቃብር በእምነት የተከፈለ ነው። ስለዚህ ሰውየውን በጤናው ሳለ፣ ባለቤቱና ልጆቹ ባሉበት ይጠይቁት። የሚለውን በጽሑፍ ይያዙ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ይፈርሙበት። ያኔ በለቅሶ መሐል ቤተሰብና ጎረቤት አይጣሉም። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ገንዘቡ እንደማንኛውም አባል ይሰጥ። ማን ይጸልይ የሚለውን ቤተሰቡ ይወስን።

ለሚቀጥለው ስብሰባ፣ አባልነት በሃይማኖት እንደማይወሰን የሚገልጽ አንድ አንቀጽ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ እንዲጨመር ያቅርቡ። ከዚያ በፊት ግን ይባረር የሚሉትን ቤታቸው ሄደው አንድ በአንድ ያነጋግሯቸው።