ስግድ ሲደርስ ኢየሩሳሌም በጠዋት ግቡ

እስራኤል አገር ለምትኖሩ ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች)፣ በተለይ እዚህ ልጅ ለወለዳችሁ ወላጆች ነው ይህን የምጽፈው።

ብዙዎቻችሁ ኢየሩሳሌም ለሚከበረው በዓላችን ለስግድ የምትደርሱት ከቀትር በኋላ ነው። ያኔ ጾሙ ተፈቷል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ እስክስታው ደርቷል። ደስ ይላል። ግን ልጃችሁ ያየው ድግሱን ብቻ ነው። ስግድ ደግሞ ስሙ እንደሚለው መስገድ ነው።

በዓሉ ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) 50 ቀን ተቆጥሮ በዕብራውያኑ ወር በሄሽቫን 29 ይውላል። ጎንደር እያለን ሰው ከየመንደሩ በእግሩ ተጉዞ አምቦበር በምትባለው መንደራችን ይሰበሰብ ነበር። ነጭ ለብሶ፣ ጾሞ፣ ከቄሶቹ ኋላ ተራራ ይወጣል። ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም ነበር፤ በፈጣሪ ፊት ራስን ዝቅ ማድረግ ነው። ላይ ሲደርሱ ኦሪቱ በግዕዝ ይነበባል። የሚነበበው ሕጉ በሲና ሲሰጥ፣ ከዚያም ዕዝራ ከባቢሎን ለተመለሰው ሕዝብ ያንኑ ሕግ ሲያነብ የሆነው ነው። ሕዝቡ አልቅሶ ቃል ኪዳኑን አደሰ ይላል ነህምያ። እኛም የምናድሰው እሱኑ ነው።

«ኢየሩሳሌም ገብተን የለ፣ አሁን ምን ብለን እንጾማለን?» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። ቤተ መቅደሱ እኮ ገና አልተሠራም። ጎንደርና አዲስ አበባ ሆኖ ወደ እስራኤል ለመግባት ተራውን የሚጠብቅ ዘመድም አለን።

ልጄ 7 ዓመቱ እያለ ስግድ ወደሚከበርበት ኢየሩሳሌም ያለው አርሞን ሃናጺቭ ይዤው ወጣሁ። ቄሶቹ ባለ ጥልፍ ዣንጥላቸው ሥር ቆመው ያነባሉ። «አባ፣ ምን እያሉ ነው?» አለኝ በዕብራይስጥ። መልስ አጣሁ፣ በጣም አዘንኩ። ከጎናችን አንዲት እናት መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ ከዚያ ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ይሰግዳሉ። ልጄ ትንሽ አያቸውና እንደሳቸው ተደፋ።

ከዚያ ወዲህ በዋዜማው ማታ ነህምያ 8ን እና 9ን በዕብራይስጥ አብረን እናነባለን። እናንተም ሞክሩት። ጠዋት ግዕዙን ሲሰማ ቢያንስ ነገሩ ስለምን እንደሆነ ያውቃል። ትንንሾቹን ግን አታስጹሙ፣ ቁርሳቸውን በልተው ይውጡ።

ሥራ አለብን አትበሉ። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት በ2008 እ.ኤ.አ. ስግድን በሕግ የአገር በዓል አድርጎታል። ለአለቃችሁ ቀደም ብላችሁ ንገሩና ቀኑን ከዕረፍታችሁ ውሰዱ።

አያት በሕይወት ካሉላችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ። ታጣፊ ወንበርና ውኃ አትርሱ፤ ውኃው ጾሙ ሲፈታ ነው። መኪና ውስጥ ልጁን ከአያቱ ጎን አስቀምጡት፣ ሬዲዮውን አጥፉና አምቦበርን ያውሩለት።